በእግሩ የሄደው ምልክት

በእኛ አገር ጠፋ የሚባል ነገር የለም። ዕቃ ከቦታው ከታጣ ተሰርቋል ማለት ነው፤ ተሰርቋል ከተባለ ሌባ አለ፤ ሌባ ካለ ደግሞ ከመካከላችን ነው። ነፋስ ወሰደው፣ ጎርፍ ጠረገው፣ ምስጥ በላው ብሎ የሚከራከር ሰው ከሁሉ በፊት እሱ ራሱ ይመረመራል። ሕጉ መቼ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። የተጻፈበት ብራና ታጥቷል ይባላል፤ እሱን የሰረቀው ሰውም እስካሁን እየተፈለገ ነው።

እኔ ጥላዬ እባላለሁ፤ ሸማኔ ነኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ነገር አላበዛም። የማወራችሁም ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ጎረቤቴ ስለ አንዳርጌ ነው። "በልቡ የነበረውን ከየት አወቅኸው?" ብላችሁ እንዳትጠረጥሩኝ። ኋላ ቁጭ ብለን ስናወጋ ራሱ ነው የነገረኝ። ቁጭ ብለን ያልኩት በልማድ ነው፤ እኔ እንኳ ቆሜ ነበር።

አንዳርጌ የባለ ጫካው ጌታ ዘብ ነበር። ባለ ጫካው ጌታ ማለት ከመንደራችን በላይ ያለው ጫካ በሙሉ፣ ዛፉም አውሬውም የአውሬው ኮቴም የእሳቸው የሆነ ሰው ናቸው። በዓመት አንድ ቀን እንግዶቻቸውን ይዘው ለአደን ይመጣሉ። ጫካው ውስጥ የቀረችው ግን አንዲት አሮጊት ድኩላ ናት። በየዓመቱ ይተኩሱባታል፣ በየዓመቱ ይስቷታል፤ አንዳርጌ ደግሞ አሞሌ ጨው እያላሰ ለከርሞ ያቆያታል። ሥራው ይኸው ነው፤ ድኩላዋን ማኖርና ሰው እንዳይገባ መጠበቅ። ድኩላዋ ድንበር አታውቅም። ሲያሻት ወርዳ የእማማ ሽታዬን ባቄላ ጠግባ ትመለሳለች። "ይህቺንስ ማን ይከስልኛል?" ይላሉ እማማ ሽታዬ። ማንም አይከስላቸውም።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ የታጣው መሰላሉ ነው። ጫካው መሃል ጌታው ተቀምጠው የሚያነጣጥሩበት ከፍ ያለ ማማ አለ፤ ወደ እሱ የሚያወጣው መሰላል አንድ ማለዳ ታጣ። ሳምንት ሳይሞላ ለድኩላዋ የተቀመጠው አሞሌ ታጣ። "ዝናብ አሟሙቶት ይሆናል" ያለ አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሦስት ቀን ተመርምሮ፣ በዚያ ሰሞን ዝናብ የሚባል ነገር በዓይኑ እንዳላየ ፈርሞ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። ሰላምታችን እንኳ "እንዴት አደርክ" መሆኑ ቀርቶ "የት አደርክ" ሆነ።

በሦስተኛው ሰሌዳው ታጣ።

ሰሌዳው ከምንጩ በላይ፣ የጫካው መንገድ ከሚጀምርበት ቦታ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተመታ ጣውላ ነበር። በቀይ ቀለም "ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው" ይላል። ከሰሌዳው በላይ የጌታው፣ ከሰሌዳው በታች የእኛ። ሌላ ውልም ሌላ ካርታም የለንም፤ ድንበሩ የሚገኘው ሰሌዳው ባለበት ነው። እንግዲህ ሰሌዳው ሲታጣ ድንበሩ አብሮ ተሰረቀ ማለት ነው።

ወዲያው ዱካ ሹሙ በበቅሏቸው መጡ። ዱካ ሹም በእኛ አገር ትልቅ ሹመት ነው። የሁላችንም እግር በጭቃ ላይ ታትሞ፣ ደርቆ፣ ስም ተጽፎበት እሳቸው ቤት መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። የእኔማ ከሩቅ ይታወቃል። ሸማኔ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ የሸማ መሥሪያውን ገመድ በአውራ ጣቱ ሲጎትት ስለሚኖር፣ አውራ ጣቱ ከወንድሞቹ እንደተጣላ ሁሉ ብቻውን ርቆ ይቀራል።

ዱካ ሹሙ ሰሌዳው የነበረበትን ቦታ ጎንበስ ብለው መረመሩ። ምስጥ የበላው ጉቶ ከመሬት ብቅ ብሎ ይታያል። ማንም ግን ምስጥ የሚለውን ቃል አላነሳም።

"አንዳርጌ" አሉ ቀና ብለው፣ "እዚህ ያለው ያንተ እግር ብቻ ነው።"

"ዘብ አይደለሁ ጌታዬ? የትስ ልርገጥ?"

"ሌላ ዱካ የለም። እንግዲህ ሌባው ክንፍ አለው፤ ያለዚያ አንተ ነህ።"

"ክንፍ ያለው ሰው እንኳ አላየሁም" አለ አንዳርጌ። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር፤ ይቺ ቀልዱ ግን አልጠቀመችውም።

ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ተፈተሸ። አልጋ ተገለበጠ፣ ጎታ ተዘረገፈ፣ እማማ ሽታዬ ለመቀበሪያቸው ያስቀመጡት ነጠላ ሳይቀር ተዘርግቶ ታየ። እኔም ቤት መጡ። ሸማ እየሠራሁ ነበር፤ "አትነሳ፣ ሥራህን ሥራ" ብለው ዙሪያዬን ፈትሸው ሄዱ። እኔም ምንም አላልኩም።

ሰሌዳው አልተገኘም። ሕጋችን ደግሞ ግልጽ ነው፦ በአንድ ሰው ጥበቃ ሥር ሳለ የታጣ ዕቃ በዓይነቱ ይተካል፤ ዓይነቱ ካልተገኘ ጠባቂው በራሱ ይተካዋል። ሌላ ሰሌዳ እንዳይጻፍ በአገሩ ያለው አንድ ጸሐፊ ብሩሹ ታጥቶበት እየተመረመረ ነበር። ስለዚህ አንዳርጌ ሰሌዳ እንዲሆን ተፈረደ። ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መግቢያ ይቆማል። ሲጨልም ምልክት ስለማይታይ ወደ ቤቱ ይገባል። ምልክት ስለሆነ አይቀመጥም። በላዩ ላይ ከተጻፈው በቀር፣ ቤቱም ሆነ ደጅ፣ ሌላ ቃል አይናገርም። አስምለው አቆሙት።

በመጀመሪያው ቀን ሚስቱ ባንቺይርጋ ምሳውን በአገልግል ይዛ ወጣች።

"እንካ ብላ።"

"ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው" አላት።

"ማን አልፋለሁ አለ? ሽሮ ነው ያመጣሁት።"

"ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው።"

"ጨው አነሰው እንዴ?"

አንዳርጌ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው" አላት። ባንቺይርጋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋንቋውን ለመደችው። ረገጥ አድርጎ ሲለው ተናዷል፤ ሲጎትተው ደክሞታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሲለው ደግሞ ናፍቃዋለች። እኔ ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ አያቸዋለሁ። ቤታችን አጠገብ ላጠገብ ነው፤ በመንደሩ አናት የእሱ፣ ከሥሩ የእኔ።

በሳምንቱ ዱካ ሹሙ መጥተው እንደ አባት አዘኑለት። "ፀሐዩ በረታብህ እኮ! ና ወረድ በል፣ ከዋርካው ጥላ ሥር ቁም" አሉት። ሃያ እርምጃ ያህል ወረደ። ዱካ ሹሙም መዝገባቸውን አውጥተው "ድንበሩ ከዋርካው" ብለው ጻፉ። የእማማ ሽታዬ ባቄላ ማሳ ከኋላው ቀረ። በማግሥቱ እማማ ሽታዬ ሊያርሙ ሲገቡ በአውሬ ቀለብ ላይ እጅ በማሳረፍ ተከሰሱ።

ቀጥሎ ነፋስ ይመታሃል ብለው ከገደሉ ሥር አወረዱት። ቀጥሎ ደግሞ "ውሃ ይጠማሃል፤ ከምንጩ ዝቅ ብለህ ብትቆም እየፈሰሰ ይመጣልሃል" አሉት። ወረደ። ምንጩ የጌታው ሆነ። ያን ዕለት ውሃ ሊቀዱ የወጡ ሴቶች እንስራ ሁሉ ተይዞ፣ ዱካ ሹሙ ቤት ከእግራችን ጎን ተደረደረ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምንቀዳው የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዘን ሆነ።

አንዳርጌ አልገባውም እንዳትሉ። ገብቶታል። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ገብቶታል። ግን ምን ይበል? አንዲት ቃል ናት ያለችው። ዱካ ሹሙ "ወረድ በል" ባሉት ቁጥር ጉሮሮው እስኪተረተር "ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው!" ብሎ ይጮኽባቸዋል። "ጎበዝ! እንዲህ ነው ምልክት!" ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል።

መንደሩ ግን ጠረጠረው። "ከባለ ጫካው ጋር ገጥሟል" አለ አንዱ። "ሰሌዳውን ራሱ ነው ያሸሸው፤ መቼስ ያለ ነገር የእሱ እግር ብቻ አልተገኘም" አለ ሌላው። ሴቶቹ ባዶ እንስራ ተሸክመው በፊቱ ሲያልፉ ይተፋሉ። እማማ ሽታዬ "አጥንትህ ይርገፍ" ብለው ረገሙት፤ እኚያው እማማ ሽታዬ ክርስትና ያነሱት እናቱ ናቸው። እኔንም "አንተ ጎረቤቱ አይደለህ፣ ምን ትላለህ?" አሉኝ። "ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" አልኩ። ከዚያ ሌላ ምንም አላልኩም።

የአደኑ ቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀረው ዱካ ሹሙ በፈገግታ ተሞልተው መጡ።

"ከሚስትህ ርቀህ ከሳህ" አሉት። "ከነገ ጀምሮ ከገዛ ቤትህ በር ፊት ለፊት ቁም። ትኩስ ትኩሱን ታጎርስሃለች።"

ቆመ። ፊቱን ወደ እኛ፣ ጀርባውን ወደ ቤቱ አድርጎ ቆመ። ቤቱ በአደኑ መሬት ውስጥ ገባ። ዱካ ሹሙ በሩን አንኳኩተው ባንቺይርጋን ጠሯት።

"እመቤት፣ ከቅዳሜ በፊት ለቀሽ ውጪ። በአደን ቀን ከድንበሩ ወዲያ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ አደን ነው። ጌታው ደግሞ ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ድኩላና ሰው አይለዩም።"

"ወዴት ነው የምወጣው?"

"ወደ ፈቀድሽው። ከምልክቱ ወዲህ ያለው አገር ሁሉ ያንቺ ነው።"

ዱካ ሹሙ ሲሄዱ ባንቺይርጋ በሩ ላይ ቁጭ አለች። አንዳርጌ ዞሮ አያትም፤ ምልክት አይዞርም። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ከደጄ አይቻለሁ። "አንዳርጌ" አለችው፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። አንተንስ ምልክት ነህ አሉህ እንጂ እግር የለህም አሉህ? እስካሁን የወረድከው በማን እግር ነው?"

የአንዳርጌ ትከሻ መንቀጥቀጡን ተወ።

ቅዳሜ ማለዳ ጌታው ከነእንግዶቻቸው መጡ። ጠመንጃው ተወለወለ፣ ውሾቹ ተፈቱ፣ ባንቺይርጋ ቤቷን ዘግታ ውስጥ ተቀመጠች። መንደሩ ሁሉ ከድንበሩ በታች ቆሞ ያያል። አንዳርጌ እጁን በጎኑ እንዳደረገ፣ አንገቱን እንዳቀና፣ ዞረና መራመድ ጀመረ። ወደ ላይ።

"ሚስትየዋን ይዞ ሊጠፋ ነው" አለ አንድ ሰው። ቤቱን ግን አለፈው። ባንቺይርጋ በሯን ከፍታ ወጣችና ከኋላው ተከተለች፤ ከምልክቱ ወዲህ ናታ፣ ማን ምን ይላታል? ምንጩን አለፈ። ያኔ ሴቶቹ ነገሩ ገባቸው። እየሮጡ ምንጩ ላይ ደርሰው በእጃቸው እየዘገኑ ጠጡ። ገደሉን አለፈ፣ ዋርካውን አለፈ፤ እማማ ሽታዬ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ባቄላቸው ውስጥ ገብተው ቆሙና እልል አሉ።

ዱካ ሹሙ መዝገባቸውን እያውለበለቡ ደረሱ። "በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ቁም!" ብለው ጮኹ። ይኼን ሲሰማ የማይቆም ሰው የለም። እኛም ባለንበት ደርቀን ቀረን፣ እንግዶቹም ቆሙ፣ ዱካ ሹሙም በገዛ ቃላቸው ተይዘው አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ። አንዳርጌ ብቻ ሄደ። ሕግ የሚያቆመው ሰውን ነው፤ እሱን ምልክት ነህ ብለውት የለ?

የጉቶውን ቦታ፣ የጥንቱን ድንበር አለፈ። ጫካውን አቋርጦ የጌታው የአደን ቤት በረንዳ ላይ ወጣ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ጌታው መልሶ፣ ረጋ ባለ ድምፅ "ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው" አለ።

እዚያው ሸንጎ ተሰየመ። ክሱ ምልክት መስረቅ ነው። ዱካ ሹሙ አንዳርጌ አንዳርጌን ከነበረበት ቦታ አንስቶ ወስዷል ብለው ከሰሱ። ተከሳሹ የሚናገረው አንዲት ቃል ብቻ ስለሆነ ባንቺይርጋ ቆመችለት።

"ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ምልክት ይሄዳል ወይስ አይሄድም?"

"እንዴት ተደርጎ! አይሄድም እንጂ" አሉ ዱካ ሹሙ።

"ካልሄደማ ጥንትም እዚሁ በረንዳ ላይ ነበረ ማለት ነው። እንግዲያው ጫካው የእኛ ነው።"

"ይሄዳል እንበል..." አሉ ዱካ ሹሙ ፈጠን ብለው።

"የሚሄድ ከሆነስ ከምንጩ በታች ድረስ ያመጣው ማነው? እሱስ አልሰረቀም?"

ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዱካ ሹሙ መዝገባቸውን ወደፊት ገለጡ፣ ወደኋላ ገለጡ። ጌታው ግን አልተቆጡም። እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን።

"እኔ የማንም መሬት አያምረኝም" አሉ። "የተሰረቅኩትን ሰሌዳ መልሱልኝ። ሰሌዳው በመጣ ቀን ድንበሩ ከጥንት ቦታው ይመለሳል፤ ምንጩም ማሳውም የእናንተ፣ ይኼም ሰው ነፃ። ሰሌዳው እስኪመጣ ግን ምልክቱ ዱካ ሹሜ በመጨረሻ ባቆሙት ቦታ ነው። የሚሄድ ምልክት ደግሞ ይተከላል።"

ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ተመለከተ። ዓይን ከዓይን ሲጋጭ ይሰማ ነበር ብል አላጋነንኩም። ባንቺይርጋ እያንዳንዳችንን በየተራ አየች፤ እኔ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብዬ እግሬን አከክሁ።

አሁን ልናገር። ሰሌዳው እኔ ጋ ነበር።

አልሰረቅሁትም። አንድ ማለዳ በዚያ ሳልፍ ግንዱ በምስጥ ተበልቶ ተሰብሮ፣ ጣውላው ወደ እኛ በኩል ወድቆ አገኘሁት። በዚያ ሰሞን መቀመጫዬ ተሰብሮብኝ ነበር። ጥሩ ጣውላ ነው ብዬ አንስቼ ወሰድኩ፤ ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጬ ከሸማ ጉድጓዴ አፍ ላይ አደረግሁና ተቀመጥኩበት። ፈታሾቹ "አትነሳ" ሲሉኝ የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነበር። ወድቆ አገኘሁት ብል ማን ያምነኛል? በእኛ አገር መውደቅ የለም፤ መገኘት የለም። ምስጥ ብል ደግሞ ሦስት ቀን ምርመራ ነው። ነገ እመልሰዋለሁ፣ ሰው ሳያየኝ አስቀምጠዋለሁ እያልኩ ከርሜ እዚህ በረንዳ ደረስን። ፈራሁ።

ምንም አላልኩም።

አንዳርጌን ወሰዱት። ከገዛ ቤቱ በር ፊት ለፊት ጉድጓድ ቆፍረው እስከ ጉልበቱ ተከሉት፤ አፈሩንም በዲጅኖ ራስ ጠቀጠቁት። ከእንግዲህ ቢመሽም አይገባም። አደኑ ለሳምንቱ ቅዳሜ ተላለፈ፤ ባንቺይርጋም እስከዚያ እንድትወጣ የመጨረሻ ቃል ተሰጣት። "ባሌ ከተተከለበት ወዴት እሄዳለሁ? ቤቴ ውስጥ ይተኩሱብኝ" አለች። ምላስዋ እንጂ ፊቷ እንዲህ አይልም ነበር።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ግን ሸማኔ የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው። እግሬን በከተትኩ ቁጥር ከግድግዳዬ ባሻገር ያለው ጉድጓድ ትዝ ይለኛል። ክሩ ይበጠስብኝ ጀመር። ሐሙስ ሸማዬን ትቼ አንድ ቅል ውሃ ይዤ ወጣሁ፤ የግማሽ ቀን መንገድ የተሄደበት ውሃ ነው። ባንቺይርጋ ዕቃዋን ስታስር ነበር። አንዳርጌ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አጠጣሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ ግራ ቀኙን አየና፣ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቃል ተናገረ።

"ጣውላው ተመቸህ?" አለኝ።

ቅሉ ከእጄ ወደቀ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?"

"ከመጀመሪያዋ ማለዳ። እንደ ሚዳቋ ቀንድ ለብቻው የሚሄድ አውራ ጣት ያለው ሌላ ማን አለ? ዱካ ሹሙ ቢያዩት ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ስምህን ይጠሩ ነበር።"

"ታዲያ ያንተ እግር ብቻ..."

"በቅጠል ጠረግሁታ! ጠርጌ በላዩ ተራመድኩበት።" ጉልበቱን የያዘውን አፈር ተመለከተ። "ነገ ይመልሳል አልኩ። ጥላዬን አውቀዋለሁ፣ ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ነገ ይመልሳል፣ ነገ ይመልሳል አልኩ። ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል?"

ነገሩን ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሸማኔ ነው አለቀሰ ብላችሁ ሳቁብኝ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ጣውላውን ከጉድጓዴ አፍ ላይ አነሳሁት። ዓርብ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጌ በራሴ ተሸክሜ በመንደሩ መሃል አለፍኩ። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ዱካ ሹሙ ከበራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ከየት አመጣኸው?"

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ወድቆ አገኘሁት። እውነቱን ብናገር ግን ምርመራ ነው፤ ምርመራው ሦስት ቀን ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው።

"ሰርቄው ነው" አልኩ።

ዱካ ሹሙ ምስክር አልጠሩ፣ ዱካ አላዩ፣ እንዴት ብለውም አልጠየቁ። በመንደራችን ታሪክ ሳይጠረጠር የታመነ ቃል ያ ብቻ ነው። ውሸት የነበረውም ያ ብቻ ነው።

ጌታው እንግዶቻቸው ፊት የሰጡትን ቃል መብላት አፈሩና ሰሌዳው በቀድሞ ቦታው ተተከለ። ምንጩ ተመለሰ፣ ባቄላው ተመለሰ፤ እንስራዎቹ ግን ግማሾቹ ታጥተዋል ተብሎ ሌባቸው እየተፈለገ ነው። ባንቺይርጋ ዲጅኖ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ባሏን በጥፍሯ ቆፍራ አወጣችው። እግሩ ከወጣ በኋላ ገና መራመድ ሳይችል መሬት ላይ ተቀምጦ "ሽሮው እኮ ጨው አንሶት ነበር" አላት። እየሳቀች በነጠላዋ መታችው።

እኔን በተመለከተ፣ አንዱን የሰረቀ ሌላውንም ሰርቋል ተባለ። መሰላሉን አላየሁትም ብል የሚሰማኝ አጣሁ። በእንጨት ሠርቼ ልተካው እንዳልል እንጨቱ ያለው ጫካ ውስጥ ነው፤ ከጫካው እንጨት መቁረጥ ደግሞ ስርቆት ነው። ስለዚህ በራሴ ተካሁት። ይኼን የማወራችሁም ማማው ሥር ቆሜ ነው። የአደን ቀን ጌታውና እንግዶቻቸው ጉልበቴን፣ ከዚያ ትከሻዬን፣ ከዚያ አናቴን እየረገጡ ይወጣሉ። አሞሌውም በእኔ ስለተመካኘ ድኩላዋ ላቤን እንድትልስ ተፈቅዶላታል። ምላሷ ሻካራ ነው፤ ግን ትለመዳለች።

አንዳርጌ ወደ ዘብነቱ ተመልሷል። ረፋድ ላይ ይመጣል፣ ውሃ ያጠጣኛል፣ ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ወግ ያወራኛል። የነገርኳችሁን ሁሉ የሰማሁት እንዲህ ነው። ዛሬ ረፋድ ግን ገና ሳይቀመጥ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ዘንጥፎ ከማማው ማዶ መሬቱን ሲጠርግ አየሁት። አንገቴን አስግጌ ተመለከትኩ። የሴት እግር ነው፤ ከጎኑ የምርኩዝ ነጥብ አለው፤ ደረቅ ጭራሮ ለመልቀም ገብተው የወጡ ይመስላል። ጠርጎ ሲጨርስ በላዩ ተራመደበት።

"የማንን ነው የምታጠፋው?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"ዝም በል አንተ!" አለኝ ቅርንጫፉን ጥሎ። "መሰላል ይናገራል እንዴ?"

ከሰዓት በኋላ ዱካ ሹሙ በበቅሏቸው መጥተው ማን እንዳለፈ ጠየቁኝ። እኔም ምንም አላልኩም።